ሳይቃጠል በቅጠል? በ2012 ቶሎ መዝጋታችን ምን አተረፈልን

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ነው፤ ምላሾቹን በተራ አነሣለሁ። ክሩን የከፈተው መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የጤና ሰው እንዳልሆነ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚያውቀው ሒሳብ ነውና ጥያቄውንም ከቀን ቆጠራ ይጀምራል። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው የ48 ዓመቱ ጃፓናዊ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የስፖርት ውድድር ቆመ። መጋቢት 14 ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆነ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ያን ቀን በምርመራ የተገኙት ታማሚዎች 60 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ይላል፣ መጨረሻው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ቫይረሱ ተገኘበት፣ ከ7,500 በላይ ሞተ። ታዲያ ቶሎ መዝጋት ሞቱን ቀነሰው ወይስ ቀጠሮውን ብቻ አራዘመው? በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ ጣል ያደርጋል፦ የሁለቱ የአሜሪካ ከተሞች፣ የፊላደልፊያና የሴንት ሉዊስ፣ የ1918 (እ.ኤ.አ.) የኢንፍሉዌንዛ ታሪክ እንደ ገድል ሲነበብለት መስማት ሰልችቶታል፣ ያንን ይዞ የሚመጣ ባይመጣ ደስ ይለዋል።

ምላሽ 1

መጀመሪያ የደረሰው የጤና መኮንን ነው፤ ትሑት ሰው። ጠያቂውን አመስግኖ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቀን ሳይሆን በዕጥፍ እንደሚቆጠር ያስረዳል። የታማሚው ቁጥር በየሦስት ቀኑ ዕጥፍ እየሆነ ከሄደ፣ ዘጠኝ ቀን የዘገየ ስምንት ዕጥፍ ይዞ ይጀምራል። ሃምሳ የነበረው አራት መቶ ይሆናል። የሃምሳ ሰው ንክኪዎችን በስልክም በእግርም ተከታትሎ መያዝ ለአንድ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ከባድ ቢሆንም ይሞከራል፤ የአራት መቶው ግን አይሞከርም። ስለዚህ እሱ ቶሎ የሚለውን ቃል የሚለካው ከመጀመሪያው ታማሚ ቀን ተነሥቶ አይደለም፤ የተከታታዮቹ አቅም ከሚያልቅበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ነው።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ማሳሰቢያውን አላነበበም ወይም አንብቦ ናቀው፤ ገድሉን ይዞ ገባ። ፊላደልፊያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 ለጦርነቱ ብድር ማሰባሰቢያ ሰልፍ ጠራች፣ 200,000 ገደማ ሰው ጎዳና ወጣ። ኢንፍሉዌንዛው ከተማ ውስጥ መግባቱ ከታወቀ ያኔ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር፤ የጤና ኃላፊው ዊልመር ክሩሰን ግን ሰልፉን አልሰረዘም። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም የተዘጋው ኦክቶበር 3 ነው። ሴንት ሉዊስ የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች ያገኘችው ኦክቶበር 5 ሲሆን፣ የጤና ኃላፊው ማክስ ስታርክሎፍ በሁለተኛው ቀን ከተማዋን ዘጋ። በከፋው ሳምንት ፊላደልፊያ ውስጥ ከ100,000 ሰው ከተለመደው በላይ 257 ሲሞት፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ 31 ሞተ።

ምላሽ 3

ይኸኛው አራሚ ነው፣ ያውም ጥሩ አራሚ። የምላሽ 2 ቁጥር ትክክል ነው፤ ጎደሎው የአንድ ሳምንት ቁጥር መሆኑ ነው ይላል። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ሲደመር ከ100,000 ሰው ፊላደልፊያ 719፣ ሴንት ሉዊስ 347 ይሆናል። በከፋው ሳምንት ስምንት ዕጥፍ የነበረው ልዩነት በድምሩ ወደ ሁለት ዕጥፍ ወረደ ማለት ነው። ሴንት ሉዊስ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ስትከፍት በሽታው ተመልሶባት እንደገና ዘግታለች። የመክፈቻው ጽሑፍ ግማሽ እውነት አለው፣ መዝጋት ቀጠሮ ያራዝማል፤ ከተራዘመው ቀጠሮ ግን ገሚሱ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚህ በላይ አልጻፈም።

ምላሽ 4

ከክሩ ሁሉ ደግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ጸሐፊዋ ነርስ ናት፣ በ2013 በአንድ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበር። የከፋው ሳምንት ዝቅ ማለቱ ምን እንደሚጠቅም ጠያቂውን ወንድሜ እያለች በኦክስጅን ሲሊንደር ታስረዳዋለች። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። ክፉኛ ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር ሲሰጠው፣ ያ ሲሊንደር ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየው። ለአንድ ሰው በቀን ከሦስት በላይ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎች ያሉበት ክፍል በቀን ከሠላሳ በላይ ሲሊንደር እየተንከባለለ ይገባበታል፣ ባዶው እየተንከባለለ ይወጣበታል።

እሷ የነበረችበት ክፍል የሲሊንደር መፍቻው አንድ ብቻ ነበር። እንዳይጠፋ በገመድ ከአልጋ ብረት ጋር ታስሯል፤ የመለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሮጠው ገመዱን ለመፍታት ነው። አንድ ሌሊት ሁለት ቀስቶች አንድ ላይ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጻፈችም። መቶ ታማሚ በሦስት ወር ውስጥ ተራ በተራ ሲመጣና ያው መቶ በሦስት ሳምንት ተግተልትሎ ሲመጣ የታማሚው ቁጥር አንድ እንደሆነ፣ የሟቹ ቁጥር ግን አንድ እንደማይሆን ብቻ ተናግራ ታበቃለች። ቀጠሮ ማራዘም ተብሎ የተቃለለው ነገር መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ምላሽ 5

ባለሱቁ ተመለሰ። ነርሷን እጅ ነሥቶ፣ ክርክሩን ግን አጠንክሮ ነው የመጣው። ጊዜው ተገዛ እንበል፣ በተገዛው ጊዜ ምን ተሠራ? መጋቢትና ሚያዝያ 2012 አልጋው ባዶ ነበር፤ ሰው ግን እጁ እስኪላጥ ታጠበ፣ የየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ በተበጀለት ጀሪካን ተሞላ፣ ትንሣኤን ቤቱ ሆኖ ዋለ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ። የእውነት ማዕበል በመጣበት በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ደግሞ ጭምብሉ አገጭ ላይ፣ ሠርጉ ድንኳን ውስጥ፣ ታክሲው ጢም ብሎ ነበር። ሕዝቡ ፍርሃቱን የጨረሰው በሽታው ሳይመጣ ነው። ቶሎ ማለት ያለጊዜው ማለት እንዳይሆን የሚጠነቀቅ ማን ነበር?

እስካሁን በክሩ ላይ ከተነሡት ይህኛው ከባዱ ነው፣ ቀጥታ መልስ ለማግኘትም ብዙ ጠብቋል።

ምላሽ 6፣ 7 እና 8

መልስ በሚጠበቅበት ቦታ የነጭ ሽንኩርት ገበያ ተከፈተ። አንዱ በዚያ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የሸጠ ሰው ቪላ ሳይሠራ አልቀረም ይላል። ሌላው ዝንጅብልም ይጨመር ይላል። ሦስተኛዋ እናቷ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው መላውን ቤተሰብ በግድ ማጠጣታቸውን አስታውሳ፣ አንድም ሰው ስላልታመመ እስካሁን ሊሸነፉላት እንዳልቻሉ ታጫውታለች።

ምላሽ 9

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፣ ረጅም ጽፈዋል። ፊላደልፊያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ ነው ነገሩ። ያው ኢንፍሉዌንዛ ኅዳር 1911 አዲስ አበባ ገብቶ የኅዳር በሽታ ተባለ። ለከተማው ብቻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር 10,000 ያህል ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተረፉ። ቀባሪ ጠፋ፤ ቤት ሙሉ ሰው ባንድ ላይ ተኝቶ ውኃ የሚያቀብል የታጣበት ቤት ብዙ ነበር። የሚዘጋው ትምህርት ቤት ከጥቂት በላይ ባልሆነበት፣ የሚያውጅ ጤና ጥበቃም በሌለበት ቶሎ የተወሰደ እርምጃ ብሎ ነገር አልነበረም።

በአገራችን የታወቀው መከላከያ፣ ይላሉ መምህሩ፣ አገር ለቆ ደጋ መውጣት ነው። እሱም ከዘገየ በሽታውን ይዞ መሄድ ይሆናል። በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ኮሌራ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊቱን ወደ ደጋው አነሡ፤ ግን በሽተኛውም ከሠራዊቱ ጋር ተጓዘ።

ከዚያ አንድ የቀን ነገር ይጨምራሉ፣ እኔም ቆጥሬ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬም ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥንበት ኅዳር 12 በ1911 የዋለው ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ነው። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፊሽካ ተነፍቶ ሕዝቡ በሕግ የተገደደበትን ጭምብል አውልቆ ጣለ። በጃንዋሪ ግዴታው ተመለሰ፣ ጭምብል አንለብስም የሚል ማኅበርም ተቋቋመ።

ምላሽ 10 እና 11

ምላሽ 10 መምህሩን በአክብሮት ጠርቶ ትንሽ ያርማቸዋል፤ ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለሆነ በሽታው የቆመው ልክ በዚያ ቀን ነው ማለት አይቻልም፣ ሕዝቡ ማለፉን ያያዘው ከታወቀው ቀን ጋር ነው። ምላሽ 11 አስም ያለባት ልጅ ናት፣ ለታሪኩ ግድ የላትም፤ የዘንድሮውን ጭስ ማን ይከለክልልኝ ብላ ትጠይቃለች። ፕላስቲክ ማጠን በሽታ ማባረር ሳይሆን መጥራት ነው ባይ ናት። ማንም አልመለሰላትም።

ምላሽ 12

ይህ ሰው ከውቅያኖስ ማዶ የሁለት ጎረቤት ደሴቶችን ወሬ አመጣ፣ አመጣጡም ጥሩ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ታሉን የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ተነሥታ የምዕራብ ሳሞአ ወደብ አፒያ ገባች። በሽተኞች ይዛ ነበር፣ የከለከላት የለም። በሁለት ወር ውስጥ 8,500 ያህል ሰው ሞተ፤ ከአምስት ሰው አንድ በላይ ማለት ነው። በአሜሪካ ሥር የነበረችው ምሥራቅ ሳሞአ አስተዳዳሪ ጆን ፖየር ግን መርከቦችን አግዶ፣ ነዋሪዎቹ በጀልባ የባሕር ዳርቻቸውን እንዲጠብቁ አደረገ። እዚያ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው የለም። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ልዩነቱ አንድ ውሳኔ።

ምላሽ 13

ደሴት ነው ጌታዬ፣ የሚል ዐይነት መልስ ነው፣ ትንሽ ምፀት አለበት። እኛ ከስድስት አገር ጋር እንዋሰናለን። ጋላፊና ደወሌ ላይ የጅቡቲ መኪና ካልገባ ነዳጅ የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ሾፌሩን 14 ቀን አስቀምጠህ ጭነቱን ማን ይነዳዋል? በጀልባ የሚጠበቅ ዳርቻ ያለው ይጠብቅ ብሎ ይደመድማል።

ምላሽ 14

ከሳዑዲ በሚያዝያ 2012 ከተመለሱት አንዱ ነው። በሌሎቹ ጽሑፎች መካከል የእሱ አጭርና ደረቅ ነው። በነበረበት ማቆያ እግር ዘርግቶ መተኛት አይቻልም ነበር፤ ሰው በፈረቃ ይተኛል። ቦሌ ሲደርሱ ሙቀታቸው ተለክቶ በአውቶቡስ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ተወሰዱ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ምግብ በሰዓቱ በር ላይ ይቀመጣል። ቅር ያለው ሌላ ነገር ነው። ማደሪያው ውስጥ አልጋው ተራርቆ፣ መታጠቢያው ግን ለፎቅ ሁሉ አንድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሳሙናውን ይዞ እዚያው ይሰለፋል። ለመለየት ያመጧቸውን ሰዎች ውኃው አገናኛቸው። ስለዚህ ስለ አዋጁ ቀን ስትከራከሩ ስለ ቧንቧውም አስቡ ይላል።

ለእኔ ይህ ከምላሽ 4 መፍቻ ጋር አንድ ነገር ነው።

ምላሽ 15 እስከ 18

ከዚህ በኋላ ክሩ ጋለ። ምላሽ 15 ጥፋቱ ሁሉ የአየር መንገዱ ነው ብሎ ተነሣ፤ የኬንያ አየር መንገድ በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ የቻይና በረራውን ሲያቆም የእኛው መብረሩን ቀጠለ፣ እና ትምህርት ቤት ቶሎ መዝጋት በሩን ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው ይላል። ምላሽ 16 ቱግ አለ። የተገኘው የመጀመሪያ ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ እንጂ ከቻይና አልመጣም፣ ምርመራውም ሙቀት መለካቱም ቦሌ ላይ ከጃንዋሪ ጀምሮ ነበር፣ መጋቢት 13 የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ የእርዳታ ጭምብልና የመመርመሪያ ኪት አዲስ አበባ ደርሶ ለአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው በዚሁ አየር መንገድ ነው። ምላሽ 17 ለዚህ የሰጠው መልስ ከሁሉ የሰላ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘ ማለት መጀመሪያ የገባ ማለት አይደለም። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ናሙና እዚሁ መመርመር እስኪጀመር ድረስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የሚመረመረው ምልክት ያለበት መንገደኛ ብቻ ነው። ያልፈለጉትን አላገኙም። ምላሽ 18 የ16ኛው ነው፤ እስከዚያ እርስዎ ሲል የነበረውን ሰው አንተ ብሎ፣ ማን እንደሚከፍልህ እናውቃለን እስከማለት ደረሰ።

ምላሽ 19

የመድረኩ አወያይ ገብቶ ምላሽ 18ን ግማሹን ቆረጠው። ስለ አየር መንገዱ ሌላ ክር ክፈቱ፣ እዚህ ስለ ጊዜ ነው የምንነጋገረው አለ። የ17ኛው ነጥብ ግን አብሮ መዳፈኑ ያሳዝናል፤ የመክፈቻው ጽሑፍ የቆመበትን መጋቢት 4ን ራሱን የሚያነቃንቅ ነበር።

ምላሽ 20

ሌጎስ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው፣ ለምላሽ 5 የተጻፈው የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው መልስም የእሱ ነው። ሁላችሁም ቶሎ መወሰድ ያለበት እርምጃ መዝጋት ብቻ ይመስላችኋል ይላል። ጁላይ 20 ቀን 2014 አንድ ኢቦላ የያዘው መንገደኛ ከላይቤሪያ ሌጎስ አረፈ። ሆስፒታል ያስተኛችው ዶክተር አሜዮ ስቴላ አዳዴቮህ ሰውየው እንዲለቀቅ ግፊት ሲመጣባት አልለቅም አለች፤ በኋላ እሷም በዚያው በሽታ ሞተች። ለፖሊዮ ዘመቻ የተደራጀው የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከል ሠራተኞች ወደዚህ ሥራ ዞሩ። 894 ንክኪ ያላቸው ሰዎች ተመዘገቡ፣ ቤታቸው ድረስ 18,500 ያህል ጊዜ ተኬደ። በሽታው የገባው በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ በተጨናነቀ ከተማ ሆኖ ሳለ፣ በአገሪቱ በጠቅላላው 20 ሰው ታሞ 8 ሞተ፣ ኦክቶበር 20 ናይጄሪያ ነፃ ተባለች። ከተማው አልተዘጋም። ያው ወረርሽኝ ጊኒ ውስጥ ጀምሮ ለወራት ሳይታወቅ ስለቆየ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰው ጨርሷል።

ለባለሱቁ የሚለው ይህ ነው፤ ሕዝብን የሚያደክም እርምጃ አለ፣ የሚያደክመው ሠራተኛውን ብቻ የሆነ እርምጃም አለ። ሁለተኛው ያለጊዜው መጣ አይባልም።

ኢቦላ ምልክት ሳያሳይ እንደማይተላለፍ፣ ኮቪድ ግን ምልክት ሳይኖር እንደሚተላለፍ ስላልጠቀሰ ምሳሌው ትንሽ ጎድሎበታል። ይህንን ምላሽ 1 ተመልሶ በሁለት መስመር አስታውሶታል፣ በምላሽ 21 ቁጥር።

ምላሽ 22

የሚኒባስ ረዳት የነበረ ነው። ግማሽ ሰው፣ ዕጥፍ ሒሳብ ሲባል ለእነሱ ሠርግ እንደነበር አይደብቅም። ትራፊክ ያለበት አደባባይ ጋ ሁለት ሁለት ሰው፣ አደባባዩ ሲታለፍ ሦስት፣ ወደ ማታ ደግሞ እንደ ድሮው አራት፣ ሒሳቡ ግን ዕጥፉ። ተሳፋሪው ይሰድበዋል፣ ግን ይገባል፤ ቆሞ ከመምሸት ይሻላል። መመሪያው ልክ ነበር፣ ታክሲው ግን ዕጥፍ አልሆነም ይላል። በሰልፍ ላይ ተጠጋግቶ የቆመውን ሰው ማን ቆጠረው?

ምላሽ 23

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትጽፍ ሴት ምላሽ 22ን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ የራሷን ነገረች። እዚያም ትእዛዙ በማርች መጨረሻ ቤት ተቀመጡ ሲል ባሏ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ስለነበር ሥራው ወዲያው ቆመ፤ እህቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ የእሷ ግን ዕጥፍ ሆነ። አንድ አፓርታማ ውስጥ አንዱ ቤት ይቀመጣል፣ ሌላዋ በየቀኑ በሽታው ወዳለበት ትሄዳለች። ትእዛዙ ቶሎ ቢወጣም የደረሰው ለሚደርሰው ሰው ነው። ስለ ሌላው ጉዳይ፣ ማለትም በዙም ስለተለቀሰው ለቅሶ፣ ረጅም አንቀጽ ጽፋለች፤ ልብ ይነካል፣ ከርዕሱ ግን ይወጣል።

ምላሽ 24

እናት ናት፣ ተቆጥታለች። ሁላችሁም ትምህርት ቤት መዝጋትን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሳችሁ ታልፋላችሁ። በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት ቴሌቪዥን ላለው ነው፤ ገጠር ያለች የእህቷ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደወጣች አልተመለሰችም፣ አሁን የልጅ እናት ናት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ጠቀሰች። በ1918 ኒውዮርክ ትምህርት ቤቶቿን አልዘጋችም። የጤና ኃላፊው ሮያል ኮፕላንድ ልጆቹ ከታፈገ ቤት ይልቅ ትምህርት ቤት ሆነው በየቀኑ ቢታዩ ይሻላል አለ፤ ታማሚ ልጅ ተለይቶ ይሸኛል፤ ባቡር እንዳይጨናነቅም መሥሪያ ቤቶችና መደብሮች የሚከፈቱበት ሰዓት ተለያየ። የኒውዮርክ ሞት በሕዝቡ ብዛት ሲሰላ ከፊላደልፊያ ያነሰ ነበር። ቶሎ ይሁን፣ ግን ልጆቹ መጀመሪያ የሚዘጋባቸው ለምንድን ነው? ድምፅ ስለሌላቸው ነው ባይ ናት።

ምላሽ 25

ለዚህች እናት የተሰጠው መልስ ጥሩ አይደለም። ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል በሚማርበት አገር ማን በየቀኑ ሊያያቸው ነው፣ አያቶቻቸውስ፣ ይላል። ነጥቡ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የእህቷን ልጅ ግን በአንዲት ቃል እንኳ ሳያነሣ አለፈ።

ምላሽ 26

ሚላን የሚኖር ሰው ባለሱቁ 1918ን ከጠላ የቅርቡን ይዤለት መጣሁ ይላል። በጣልያን ሎምባርዲያ ክልል፣ ኮዶኞ በምትባል ከተማ የመጀመሪያው ታማሚ በፌብሩዋሪ 2020 ሲገኝ፣ እሷና በሎዲ አውራጃ ያሉ ጎረቤቶቿ ከፌብሩዋሪ 23 ጀምሮ ተከበው ተዘጉ። ቤርጋሞ አጠገብ ያሉት ኔምብሮና አልዛኖም በሽታው እንዳለባቸው በዚያው ሰሞን ታውቆ ነበር፤ ግን ፋብሪካው ብዙ ነው፣ እስከ ማርች 8 አልተዘጉም። በማርች አጋማሽ የቤርጋሞ ታማሚ ሎዲን ጥሎ ሄደ፤ የወታደር ካሚዮኖች አስከሬን ጭነው ከቤርጋሞ ሲወጡ ሁላችንም አይተናል። ሁለት ሳምንት ነው፣ አንድ ክልል፣ አንድ መንግሥት። በቅንፍ ቤርጋሞ በሕዝብ ብዛት ሎዲን ብዙ ዕጥፍ እንደምትበልጥ ማስታወሱን ወድጄለታለሁ፤ ብዙዎቹ ይህን ይደብቃሉ።

ምላሽ 27

ባለሱቁ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰ፣ ድምፁ ረገብ ብሏል። ጣልያን ሟቿን ትቆጥራለች፣ አሜሪካም ከ100 ዓመት በፊት ቆጥራለች። እኛ 7,500 የምንለው ተመርምሮ የተገኘበትን ነው። ሳይመረመር ቤቱ የሞተውን ሳናውቅ ቶሎ መዝጋታችን አተረፈ ወይም ከሰረ የሚል ሰው በምን ሒሳብ ነው የሚለው? ምላሽ 3ንም ራሱንም ይጨምራል።

ምላሽ 28

መልሱ ከወደ ሕዝብ ጤና ተመራማሪ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው አማካይነት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የቀብር ቆጠራ አለ። የተጀመረው ለኤች አይ ቪ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሙስሊም መቃብሩና በማዘጋጃ ቤት መቃብሮች የሚቀበረው ሰው ዕድሜውና ጾታው ይመዘገባል። የሞተበት ምክንያት ባይታወቅ እንኳ የአንድ ወር ቀብር ከቀደሙት ዓመታት የዚያው ወር ቀብር ጋር ሲተያይ ከተለመደው በላይ የሞተው ይታያል። ሚያዝያ 2012ን ከሚያዝያ 2013 ጋር አስቀምጡ፣ የምላሽ 5 ጥያቄ ያን ጊዜ በወሬ መመለሱ ይቀራል።

ምላሽ 29

የታሪክ መምህሩ ናቸው። አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገሩ የሚሄድ ብዙ ሰው ስላለ የከተማው መቃብር ሁሉን አይዝም አሉ። የዕድር መዝገብ ግን ይይዛል፤ ሰው የትም ይቀበር፣ ዕድርተኛ ከሆነ ለቤተሰቡ ይከፈላል፣ ቀኑም ይጻፋል። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ መዝገቡን ግለጡ።

ምላሽ 30

ባለሱቁ የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ ኖሯል። የ2011፣ የ2012 እና የ2013 ክፍያን በየወሩ ለይቶ፣ ስም ሳይጠቅስ፣ እዚሁ ለመለጠፍ ቃል ገባ።

ምላሽ 31

ነርሷ የአባላቱንም ቁጥር በየዓመቱ አብሮ እንዲያወጣ ጠየቀችው፤ በ2012 መዋጮ መክፈል አቅቶት ከዕድር የወጣ ሰው ስላለ ክፍያው ብቻውን ቢታይ ሞት የቀነሰ ያስመስላል። እሺ ብሏል፤ እስካሁን ግን አልለጠፈም።